የቴዎድሮስን ሹሩባ እያከበርን የልጆቻችንን ጎፈሬ ለምን እንላጫለን?

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ሁለት ቁንጥር ጸጉር ለኢትዮጵያ አስረከበ። የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሲያልፉ፣ ከአስከሬናቸው ላይ ተቆርጦ ተወሰደ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በባዕድ እጅ ቆየ። ሊረከቡት የሄዱት የወቅቱ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በአውሮፓውያኑ 2023፣ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው የሞተው የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ጸጉር ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ።

«ለጸጉር ይህን ያህል ምን ያደክማል?» የሚል ሰው በዚያን ጊዜ አላጋጠመኝም። ዜናውን የሰማን ሁሉ ልባችን ተነክቷል። የካሳ ኃይሉ ሹሩባ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ፣ በየታክሲው መስታወት፣ በየወጣቱ ቲሸርት ላይ አለ። ሹሩባውን አንስተን ቴዎድሮስን መሣል አንችልም።

ታዲያ ያንኑ ሹሩባ የተሠራ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነገ ጠዋት ወደ አንዱ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሄድ በሩን አያልፍም። ጎፈሬውን ያሳደገም አያልፍም። ዩኒት ሊደሩ ከበር ላይ ይመልሰዋል፤ «ወላጅ ይዘህ ና» ይለዋል። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ደግሞ መቀስ ይዘው የሚቆሙ ነበሩ። ከግንባሩ በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ቆርጠው ይለቁታል፤ ልጁ የቀረውን በቶንዶስ ለማስላጨት ይገደዳል። ወንዶቹ የክፍል ጓደኞቻችን ራሳቸውን በመጽሐፍ ሸፍነው ሲወጡ እናይ ነበር። ያ ቅጣት ነውር መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። መመሪያው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው፦ ጸጉሩን ያሳጠረ ጨዋ፣ ያሳደገ ዱርዬ።

ይህ ፍርድ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እሳቸውም ሹሩባ ተሠርተው ነው የሚታዩት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ ጣሊያንን የተዋጉት አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነበር፤ ጠላት ሳይወጣ ጸጉሬን አልቆረጥም ብሎ የተሳለም ብዙ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የምንሰበሰበው እነዚያን ባለጎፈሬዎች ለማክበር ነው። ተማሪዎቻችንንም በዓሉን እንዲዘክሩ እናደርጋለን። በማግስቱ ደግሞ ጎፈሬ ያሳደገውን ከበር እንመልሳለን።

አባቶቻችን ሁሉም ጸጉር ያሳድጉ ነበር አላልኩም። የተላጨም ያሳደገም እኩል ቦታ ነበረው። ቤተ ክርስቲያንን ብንወስድ ካህኑ ራሱን ተላጭቶ ይጠመጥማል፤ ባሕታዊው ደግሞ ምላጭ ሳያስነካ እስኪጎነጎን ያሳድጋል። በአንድ ቅጽር ውስጥ ሁለቱም ይከበራሉ። የሶምሶንን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማ ሕፃን እንኳ አለመቆረጥ ስእለት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። በቦረና የገዳ ሥርዓት ደበሌ የሚባሉት የመጀመሪያው እርከን ሕፃናት ወንዶች ሆነው ሳለ እስከ ሽግግራቸው ድረስ ጸጉራቸው አይቆረጥም፤ ልዩ ክብርም አላቸው። የአፋር ጎልማሳ ጸጉሩን በቅቤ አርሶ ይጠቀልለዋል። የከረዩ ወጣት ጎፈሬ ከሩቅ ይለያል፤ ሚዶውን እዚያው ሰክቶት ይሄዳል። በሐመር ሴቶቹ ቀይ አፈርና ቅቤ ለውሰው ጸጉራቸውን ይቀባሉ፤ ቱሪስት ይህን ሊያይ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ባህሉን የመግለጽ፣ የማዳበርና የማስፋፋት መብት ይሰጣል። እንግዲህ ከከረዩ መጥቶ አዲስ አበባ የሚማር ልጅ ጎፈሬው ባህሉ ካልሆነ ባህሉ ምኑ ነው? በብሔር ብሔረሰቦች ቀን መድረክ ላይ የሚጨበጨብለት ጸጉር በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጥፋት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ወደ ሴቶቹ ስመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። እኔም ሴት ነኝና የበለጠ የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው።

በቀድሞው ጊዜ የሴት ጸጉር የሕይወት ታሪኳን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገር ነበር። ሳዱላ ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታስቀራለች፤ ስታገባ ሙሉው እንዲያድግ ይተዋል። ሐረር ውስጥ ያገባች ሴት ጸጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ ሁለት ቦታ ሰብስባ በጉፍታ ትሸፍነዋለች። ባሏ የሞተባት ትላጭ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ በዚያው ሐዘን ወንዱ ጸጉሩንና ጢሙን ያሳድጋል፣ ሴቷ ግን ውበቷን ታጣለች። የወንድየው ሐዘን ሲጨምርለት የእሷ ይቀንስባታል። ስለዚህ «ወደ ባህላችን እንመለስ» ሲባል ሁሉም ይመለስ ማለቴ አይደለም። አግብታ ይሁን ሳታገባ፣ ድንግል ትሁን ወይም የሞተባት፣ በራሷ አናት ላይ ተጽፎ እንዲነበብ የሚያስገድደው ልማድ ቀርቷል፤ በመቅረቱም ደስ ይለኛል።

በእሱ ቦታ የተተካው ግን ነፃነት አይደለም። አሁን የሴት ጸጉር የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሉጫ ነው ወይስ ከርዳዳ? ገና አራስ ቤት እያለን ይጀምራል። ሕፃኗን ለመጠየቅ የመጡት ዘመዶች ሻሿን ገለጥ አድርገው ያያሉ። «እሰይ፣ ሉጫ ናት!» ይባላል። ካልሆነችም «ግድየለም፣ ቅቤ ሲነካው ይለሰልሳል» ይባላል። ዘፈኖቻችን የሚያወድሷት ፀጉረ ዞማዋን ነው። ከርዳዳ ጸጉር በዘፈን ሲወደስ የሰማሁት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በስድብ ሲነሳ ግን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሰምታ ያደገች ልጅ የመጀመሪያ የሥራ ቃለ መጠይቋ ሲደርስ ምን እንደምታደርግ ማንም አይነግራትም፤ ታውቀዋለች። በዋዜማው ጸጉር ቤት ትሄዳለች፣ በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ትገባለች፣ የቀረውን በፒያስትራ ትተኮሳለች። ባንክ መስኮት ላይ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ዜና ማንበቢያ ወንበር ላይ የምናየው ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ የተተኮሰ ወይም ሂውማን ሄር ነው። መመሪያ የጻፈ የለም። ባይጻፍም ይሠራል።

ጸጉር በኬሚካል ማለስለስ የጤና ጥያቄም አለው። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት 33,497 ሴቶችን ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የጸጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት ሴቶች በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ኬሚካሉ በእርግጥ ምክንያቱ ነው ለማለት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል፤ ሆኖም አንዲት ሴት ሥራ ለማግኘት ብላ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበትን ነገር አናቷ ላይ ማፍሰስ የለባትም።

የተተኮሰችውን ወይም ዊግ ያደረገችውን እህቴን መውቀስ አልፈልግም። ጸጉሯ ነው፣ እንደወደደች ታድርገው። ጥያቄዬ በሁለቱም በኩል ያለው ክብር እኩል ነው ወይ የሚል ነው። ሠርጋችንን እንመልከት። ሙሽራዋ በቬሎ ቀን ጸጉሯ ተለስልሶ ወይም ተቀጥሎ ትወጣለች፤ ሹሩባው የሚመጣው ለመልሱ ነው፣ ከካባው ጋር። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ነው፤ ለእንቁጣጣሽ አቅራቢዎቹ ሁሉ ሹሩባ ተሠርተው በሐበሻ ቀሚስ ይደምቃሉ፣ በሳምንቱ ሹሩባው ከቀሚሱ ጋር ተሰቅሎ ይቀመጣል። ሹሩባን የበዓል ልብስ አድርገነዋል። ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ የሚመራበት ጸጉር አላደረግነውም።

ሹሩባ ሠሪዎቹን ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይረዳኛል። የጥምቀት ወይም የፋሲካ ዋዜማ ወደ ማንኛቸውም ሰፈር ሂዱ፤ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ወረፋ ነው። ተሠሪዋ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ሠሪዋ ከኋላዋ ከፍ ብላ በጉልበቶቿ ትይዛታለች። በሚዶ ጫፍ መስመሩን ትከፍላለች፤ ያለ ማስመሪያ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ መስመር ታወጣለች። አልባሶ ሲሆን ወፍራሙንና ቀጭኑን እያፈራረቀች ትወርዳለች። ጣቶቿ እንዳይደርቁ ትንሽ ቅቤ ወይም ቅባት ትነካለች። ጸጉሩ የሳሳበትን ቦታ ታውቀዋለች፣ እዚያ ላይ አታጠብቅም። ይህን ከእናቷ ወይም ከታላቅ እህቷ አይታ የተማረች ባለሙያ ናት፤ በምንም ትምህርት ቤት አልተሰጣትም፣ ከዋዜማ ውጭ ባሉት ሳምንታት ግን ደንበኛ ትጠብቃለች። የአዘቦት ቀን ሹሩባ በቢሮዎቻችን ቢለመድ በመጀመሪያ የሚጠቀሙት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ባህልን መጠበቅ ስንል ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ሌሎች ሀገሮች ይህን ክርክር በሕግ ፊት አድርገውታል። በጋና አክራ አቺሞታ የተባለው ዕውቅ ትምህርት ቤት በ2021 ሁለት የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ ልጆችን ድሬዳቸውን ካልተቆረጡ አልቀበልም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ልጆቹ ረቱ። የእምነታቸው ስም የተወሰደው ከእኛው ንጉሥ የአልጋ ወራሽነት ዘመን ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ በ2019 በሹሩባ፣ በድሬድና በጎፈሬ ምክንያት ሰውን ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ማግለልን በሕግ ከለከለች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020 ተከተሏት። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ ጎፈሬውን ይዞ እንዲማር ሕግ ይጠብቀዋል፤ አዲስ አበባ የተወለደው የአክስቱ ልጅ ግን ይህ ጥበቃ የለውም።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚሉትን ሰምቻለሁ። አንደኛው ንጽሕና ነው፤ ቅማል ይሉናል። ቅማል በረጅምም በአጭርም ጸጉር ይይዛል፤ ደግሞም ሴት ተማሪዎች ረጅም ጸጉር ይዘው በየቀኑ ይማራሉ፣ ስለ እነሱ ንጽሕና ስንጨነቅ «ታጠቢ» እንላለን እንጂ «ተላጪ» አንልም። ሁለተኛው ሥነ ሥርዓት ነው። ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ አንድ መምህር ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሥርዓት ማስከበር ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም አይጠፋውም። ነገር ግን ጸጉር ለመቁረጥ የሚያልፈው የትምህርት ጊዜ ራሱ የሥርዓት ብክነት ነው። በር ላይ የተመለሰ ልጅ የዚያን ቀን ሒሳብና ፊዚክስ አልፎታል፤ አንዳንዱም ቤቱ ሳይሄድ ፑል ቤት ይውላል። ሦስተኛው ሀብታምና ድሃ እንዳይለይ ነው የሚል ነው። ጎፈሬ ግን ምንም አይከፈልበትም። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ለቶንዶሱ ነው።

ነሐሴ የምዝገባ ወር ነው። አሸንዳ፣ ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል የሚከበሩትም፣ ልጃገረዶች ከትግራይ እስከ ዋግ፣ ከላስታ እስከ ራያ ቆቦ ጸጉራቸውን ተሠርተው የሚወጡትም በዚሁ ወር ነው። ትምህርት ቤቶች የዲስፕሊን ደንባቸውን ለወላጅ የሚያስፈርሙት ያኔ ነውና ከመፈረማችን በፊት እናንብበው። የወላጅ ኮሚቴ ያለበት ኮሚቴው ይጠይቅ፤ ወንድ ተማሪ ጸጉሩን እንዲያሳጥር የሚያዘው መስመር ወጥቶ «ጸጉር ንጹሕና የተበጠረ ይሁን፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ይታሰር» በሚል ለወንድም ለሴትም በሚሠራ ይተካ። መቀስ ይዞ በር ላይ መቆምም በግልጽ ይከልከል። የትምህርት ቢሮዎች በአንድ ደብዳቤ ሊጨርሱት የሚችሉት ሥራ ነው። ቀጣሪዎች ደግሞ ቃለ መጠይቅ ለመጣችው ልጅ ሹሩባዋን እንደያዘች መጥታ መቀጠር እንደምትችል የማስታወቂያቸው ግርጌ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉላት።