ሻይ ቤት ተቀምጦ ቤት መግዛት

የአገሬ ሰው፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ጫማ ለመግዛት መርካቶን ሦስት ጊዜ ትዞራላችሁ። ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ከነጋዴ ጋር እስከ መጣላት ትደርሳላችሁ። የዕድሜ ልክ ጥሪታችሁን የምታፈሱበትን ቤት ግን የደላላ ወሬ ሰምታችሁ በአንድ ከሰዓት ትጨርሳላችሁ። ምን ነካችሁ?

ከዚያ ነገር ሲበላሽ «ደላላ ሌባ ነው» ትላላችሁ። እኔ እንዲህ አልልም። እግሩ እስኪነቃ አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ ሲዞር የሚውል ሰው ነው። ሥራው ገዢና ሻጭን ማገናኘት ነው። ከሽያጩ ዋጋ 2 ፐርሰንት ኮሚሽኑን የሚያገኘው ስትፈራረሙ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ሰው «ይቅርባችሁ፣ ይሄ ቤት ነገር አለው» እንዲላችሁ ትጠብቃላችሁ? ማጣራት የእናንተ ሥራ ነበር፤ እሱ ላይ ጣላችሁት።

«ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል» ሲላችሁ ያልባችኋል። «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ» ሲላችሁ ታምናላችሁ። እኔም አምኜ ነበር። ገርጂ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ ፈርሜ ቀብድ ሰጠሁ። በማግስቱ ክፍለ ከተማ ሄጄ ሳጣራ ቤቱ የፍርድ ቤት እገዳ አለበት። ብሩን ለማስመለስ 8 ወር ፈጀብኝ። (ለባለቤቴ ሦስት ወር ነው ብያት ነበር። አሁን ታነበዋለች።)

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንቀጽ 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል። ሻይ ቤት አይልም። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል የሚልም አለ። ግን በብጣሽ ወረቀት ምን ብላችሁ ትከራከራላችሁ?

ሻጩ ባለትዳር ነው ወይ ብላችሁስ ትጠይቃላችሁ? የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ባል ብቻውን ቢሸጥላችሁ፣ ሚስት እስከ 2 ዓመት ድረስ ፍርድ ቤት ሄዳ ውሉን ልታስፈርስ ትችላለች። ደላላው ያኔ ኮሚሽኑን በልቶ ጨርሷል።

እናንተም ንጹሕ አይደላችሁም። ቤቱን ያሳያችሁን ደላላ ዘላችሁ ማታ ሻጩ ጋ ትደውላላችሁ። የቴምብር ቀረጥ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ግማሹን ዋጋ ትጽፋላችሁ። ነገ ውሉ ቢፈርስስ? በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የሚለው ግማሹን ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ትገርሙኛላችሁ። እዚያ ፈቃድ ያለው ወኪል ቤት ከማሳየቱ በፊት በጽሑፍ ያስፈርማችኋል። እናንተም መስመር በመስመር ታነባላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ሳሎኑን በቪዲዮ አይታችሁ፣ ለአጎት ልጅ ውክልና ልካችሁ፣ ብሩን ትለቃላችሁ። የአጎት ልጅ የቤቱን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ማንበብ ይችላል?

ዛሬ ቀጠሮ ያላችሁ፣ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ባለቤቱ ራሱ ይምጣ በሉ። ደላላው ባለቤቱ ከጠራው ዋጋ ላይ የጫነው ጭማሪ ካለም ያኔ ይወጣል። የካርታውን ኮፒ ውሰዱና ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ዕዳ ወይም እገዳ ይኖርበት እንደሆነ ጠይቁ። «ኮፒው ነገ ይደርሳል፣ ቀብዱን ግን ዛሬ» ካሏችሁ የሻዩን ሂሳብ ከፍላችሁ ተነሡ።