ይድረስ ለክቡር ኤችዲኤምአይ፣ ምስልና ድምፅ አሳላፊው ገመድ፣ በግድግዳዬ ውስጥ

ጉዳዩ፦ ሰላምታ መንፈግዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። ጤነኛ መሆንዎ ትናንት ማታ በባለሙያ ተረጋግጧል። ይህን የምጽፍልዎት ሜሪላንድ ካለው ቤቴ፣ ቤዝመንት ውስጥ ወዳሠራሁት የቤት ሲኒማ ወርጄ ነው። ካሉበት ቦታ ብርቅ ቢበዛ ሁለት ክንድ ነው። በመካከላችን ያለው ድራይዎል ብቻ ነው፤ እሱንም ድምፅ ወደ ላይ እንዳይወጣ ብዬ በድርብ አሠርቼዋለሁ። ትናንት መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ድምፅ ስላልነበረ አልወጣም። በዚህ በኩል ግድግዳው ኃላፊነቱን ተወጥቷል።

ስለ ትናንቱ እንነጋገር።

23 ሰው ጠርቼ ነበር። አርሴናልና ማንችስተር ዩናይትድ፣ ቅዳሜ 12፡30። እንደተለመደው ግማሹ ደውሎ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አለኝ፤ አሜሪካ ከገባ 20 ዓመት ያለፈው ሰው ሳይቀር። ባለቤቴ ዶሮውን ከዋዜማው ጨርሳለች። አማቴ ረከቦታቸውን ይዘው ቀድመው ወርደው ጥግ ይዘዋል። ፋንዲሻው እንደሆነ ለቡናም ለሲኒማም ያው ነው፣ እሱ ላይ እኛ ሐበሾች ቀድመናል። የባለቤቴ አጎት ጋሼ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፊት ለፊት ያለው የቆዳ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ቁልፍ ሲጫኑት እግር የሚያነሳው ወንበር ነው። ሦስቴ አነሳቸው፣ ሦስቴ አወረዳቸው። «ይሄ እንኳን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ያለው ነው» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ደስ አለኝ። ዘጠኝ ወር የለፋሁበት ቤት ነዋ!

መብራቱን ቀስ አድርጌ አደበዘዝኩት። ፕሮጀክተሩ በራ። 120 ኢንቹ ሸራ ላይ የቻናል ሳጥኑ ማውጫ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ አማቴ እልል አሉ። እውነቴን ነው፣ እልል አሉ። ለማውጫ።

ጨዋታውን ተጫንኩ።

ጨለማ።

እንደ እርስዎ ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይደነግጥም። አጠፋሁና መልሼ አበራሁ። ቀጥሎ በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን፣ ከዚያ ሪሲቨሩን (ከሳጥኑ ተቀብሎ ድምፁን ለስፒከሮቹ፣ ምስሉን ለፕሮጀክተሩ የሚያድለውን)፣ ከዚያ ሳጥኑን። አሁን ምስል የለም፣ ግን ድምፅ አለ፤ ተመልካቹ ሲያጓራ ይሰማናል። በቅደም ተከተሉ ግልባጭ ሞከርኩ። አሁን ለሦስት ሰከንድ ያህል ሐምራዊ በረዶ ዘነበና ተመልሶ ጨለመ። ሐሙስ ማታ ለብቻዬ ስሞክር ሠርተው ነበር እኮ! ብቻዬን ሳለሁ እንከን የለዎትም። ሰው ሲመጣ እንደ ልጅ ያፍራሉ።

ጋሼ ከጨለማው ውስጥ «ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» አሉ።

«ሪሲቨሩ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ጋሼ የሚያውቁት ሪሲቨር የዲሹን ነው። ወዲያው የባለቤቴን የእህት ልጅ «ተነስ፣ ጣራ ላይ ውጣና ወደ ግራ በለው» ብለው አዘዙት። ልጁ የተወለደው እዚህ ነው፣ ምን እንደሚያዞር አልገባውም፣ ግን ታላቅ አዞታልና ተነስቶ ወጣ። እኛ ትልልቆቹ በናይልሳት ዘመን ያደግን ሁሉ የቀረውን ሳንነጋገር አወቅነው። አንዱ ከኋላ ሆኖ «መጣ?» አለ። ሌላው «አልመጣም!» አለ። «አሁንስ?» «አልመጣም!» ቤቱ በሳቅ ሞተ። እኔ ሪሞቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ለዚህ ቤት 38,000 ዶላር አውጥቼ የተሠራልኝ ትልቁ ፕሮግራም ያ ነበር።

ከዚያ የእርስዎ መልእክት መጣ። በዚያ ሁሉ ሸራ መሃል ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ለጋሼ ልታስተረጉም ተነሳች፦ «አልተፈቀደም ነው የሚለው።»

«ማን ነው ያልፈቀደው?» አሉ ጋሼ። «ካውንቲው ነው?»

ከመጡ ጀምሮ ካውንቲው ስለሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ፣ ስለ ፐርሚት ብቻ ስናወራ ነዋ የሚሰሙት።

ይሄኔ የአማቴ ዕጣን ጣራው ጋ ደርሶ ነበር። ኢንስፔክተሩ የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹ በሙሉ እርስ በርስ ይያያዙ ስላለ፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃል። ከፊት ጮኸ፣ ከኋላ ጮኸ፣ ከላይ ከመኝታ ቤት ጮኸ። በዚያች ቀን በትክክል የሠራ ሰራውንድ ሳውንድ እሱ ብቻ ነው። በፎጣ እያራገብኩ ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። ሕጉ ሰው ከእሳት የሚያመልጥበት መስኮት ክፍተቱ 5.7 ስኩዌር ፊት ይሁን ይላል። ያን ጊዜ «ለማን ነው እንዲህ የሚሰፋው?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ለእኔ ኖሯል። በደንብ ያሾልከኛል።

አላርሙ ዝም ሲል የባለቤቴ ወንድም ምንም ሳይናገር ወደ መኪናው ሄደ። የሲጋራ ፓኮ የምታህል ጥቁር ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ከየት እንዳመጣት አይጠየቅም። በዓለም ላይ ያለ ቻናል ሁሉ አለባት፣ ለአንዱም ከፍሎ አያውቅም። የእኔን ሳጥን ነቀለ፣ የእሱን ሰካ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ከነሣሩ ግድግዳዬ ላይ ወጣ። ያውም በእርስዎው በኩል! በዚሁ ገመድ፣ በዚሁ ሪሲቨር፣ በዚሁ ፕሮጀክተር!

ተጨበጨበ። ለእሱ። ጋሼ «ተባረክ፣ ሰው እንዲህ ነው!» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አዝነውልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፦

«አይዞህ ልጄ፣ አንተም ቀስ ብለህ ትገዛታለህ።»

ማን ሆነህ ነው ግን አንተ እኔን መታወቂያ የምትጠይቀኝ? ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ለካ ምስሉን ከማሳለፍህ በፊት ሳጥኑ፣ ሪሲቨሩና ፕሮጀክተሩ እየተጨባበጡ ሰላምታ መለዋወጥ አለባቸው። ሰላምታ ይበሉት እንጂ ፍተሻ ነው፤ ኤችዲሲፒ የሚባል ዘበኛ በር ላይ ቆሞ «አንተ ማነህ? ቁልፍህን አሳይ» እያለ ከሦስቱ አንዱ ካላማረው ለሁሉም ያጠፋባቸዋል። ለምን? ምናልባት እኔ ሌባ ብሆንስ! ምናልባት ጨዋታውን ቀድቼ ብሸጠውስ! ኢንቴል የሠራው ነው አሉ፣ ከሌባ ለመጠበቅ። እሺ፣ ጠበቀ? የመጀመሪያው ትውልድ ዋናው ቁልፍ በፈረንጆቹ 2010 ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ኢንቴል ራሱ «አዎ፣ የእኛ ነው» ብሏል። ሌባው ቁልፉን ይዞታል። የሰረቀው ምስል ላይ ጥበቃ የሚባል ነገር ስለሌለ ማንም አያስቆመውም፣ ዘበኛህ ተነስቶ ነው የሚያሳልፈው። የምትይዘው እኔን ነው። በየወሩ የምከፍለውን። የሳጥኑን፣ የፕሮጀክተሩን፣ የራስህን ሳይቀር ደረሰኝ በጫማ ካርቶን የማስቀምጠውን። ሕጋዊ በመሆኔ ሃያ ሦስት ሰው ፊት አዋረድከኝ፣ ያኛው አጭበርባሪ ግን በእልልታ ገባ። ይሄ እኮ ያሳብዳል! እንደ ሞኝ ሰልፍ የምሰለፈው፣ ቅጽ የምሞላው፣ የምከፍለው እኔ፣ ሲጠየቅም ሁሌ የምጠየቀው እኔ!

ይቅርታ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

መቼም ክፉውን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልከምርም። ቤዝመንቱን ያስጀመረኝ ኮንትራክተር «ነገ ጠዋት» የሚላት ነገር ነበረችው፤ እስካሁን አልነጋችም። ውሃ የሚስበው ፓምፕ ደግሞ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪኩ የሚጠፋው ውሃው ሲመጣ ነው። ስለዚህኛው ሌላ ደብዳቤ ተጽፏል፤ አሁንም እርጥብ ነው።

ኢንስፔክተሩን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ቀጠሮው «ከ8 እስከ 3 ባለው ጊዜ» ነው። ሰባት ሰዓት! ሰው እንዲህ ተብሎ የሚጠበቀው ሙሽራ ሲሆን ነው። አራት ቀን ከሥራ ቀረሁ። መጀመሪያ ሲመጣ 2፡50 ላይ ነበር፣ ቆይታው ስድስት ደቂቃ። ሜትሩን መዘዘ። ግድግዳው ላይ የትኛውም ነጥብ ከሶኬት ከ6 ፊት በላይ መራቅ የለበትም፤ ይሄ ማለት በሁለት ሶኬቶች መካከል 12 ፊት ነው። የእኔ 12 ፊት ከአራት ኢንች ሆነ። ወደቅኩ። ሁለተኛ ሲመጣ ሶኬቱ ተስተካክሏል፣ ግን በእንጨቶቹ መሃል እሳት እንዳይወጣ የሚዘጋው ነገር በአንድ ጥግ የለም። ወደቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ እሱ አልመጣም። አራተኛ ጊዜ ሌላ ሰው መጣ፣ ከበር ቆሞ አየና «ያምራል» ብሎ ፈረመ። ሜትር እንኳን አልያዘም! የሦስቱን ቀን ደመወዜን ማን ነው የሚመልስልኝ?

እውነቱን ለመናገር ያ መጓተት አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል። ያልፈረሙልንን ግድግዳ መዝጋት ስላልቻልን እርስዎን በድጋሚ ለማየት ጊዜ አገኘሁ። እርስዎ በመስታወት ክር ምልክት የሚያሳልፉ፣ ረዥም ዓይነት ገመድ ነዎት፤ አንዱ ጫፍዎ ለሳጥን፣ ሌላው ለፕሮጀክተር ነው፣ ከተገለበጡ አይሠሩም። ጫፉ ላይ ጤፍ በምታህል ጽሑፍ ተጽፏል። መብራት ሠሪው በግልባጩ ዘርግቶዎት ነበር። መነጽሬን አድርጌ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ አገኘሁት። አስፈታሁት፣ አዞርኩዎት። «በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እናሳልፈው፣ ነገ መቀየር ቢያስፈልግ ግድግዳ እንዳንቀድ» ስለው «ገመድ ነው እኮ ጌታዬ፣ ምን ይሆናል?» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ለማንኛውም ያን ቀን ለእርስዎ የወጣሁትን መሰላል ማስታወስ ይገባዎት ነበር።

ትናንት ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሳህን እያጠብኩ ነው የምናገረው። የሪሲቨሩን ሞዴል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ሪሲቨሩ አሮጌ ነው፣ የሚያውቀው የድሮውን ሰላምታ ነው፣ 1.4 የሚባለውን። ሳጥንህና ፕሮጀክተርህ ደግሞ 2.2 ነው የሚነጋገሩት አለኝ። በመሃላቸው ያለው ሽማግሌ አዲሱን ስላልሰማ ሁሉም ይኮራረፋሉ። ሐሙስ ዕለት የሠራው ሳጥኑን በቀጥታ ፕሮጀክተሩ ላይ ሰክቼ ስለሞከርኩ ነው። ገመዱ ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ነው አለ።

እና መፍትሔው? አዲስ ሪሲቨር። ያገለገለ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ለሰው ስፎክርበት የከረምኩትን እጥለዋለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ምንም አላለችም። ዶሮ ወጡን በዕቃ እየገለበጠች ብቻ ተመለከተችኝ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ጥቁሯን ሳጥን «ለጊዜው ትቀመጥ» ብሎ ትቶልን ሄዷል። ይህን ስጽፍ ጋሼ እዚሁ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀጥታ ወረዱ። ወንበሩን አስነሥተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ የቱርክ ድራማ እያዩ ነው፤ ቋንቋውን አያውቁም፣ ሴትዮዋ ግን እንደተበደለች ገብቷቸዋል። ምስሉ እንከን የለውም። አሁን ደግሞ «ና እስቲ ተቀመጥ፣ ምን ትጽፋለህ?» እያሉኝ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤ የሚዘጋው ከሰላምታ ጋር ተብሎ ነበር። እርስዎ እንደማይወዱት ስላየሁ፣

ያለ ሰላምታ፣
የቤቱ ባለቤት (ደረሰኝ አለው)

ግልባጭ፦
ለፕሮጀክተሩ
ለሪሲቨሩ (የድሮውን ብቻ ስለሚያነብ ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብለት)
ለኢንስፔክተሩ (ከ8 እስከ 3 ባለው ጊዜ ይደርስዎታል፣ ከቤት እንዳይወጡ)
ለባለቤቴ ወንድም (እንዳይደርሰው)