ማስተካከያ፦ ስለ ህዳር 29 ዝግጅት የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ ባለው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ስለሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ጽፌላችሁ ነበር። ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ።

ህዳር 29 ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ህዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ነው፤ በዓሉም በዚያ ቀን የሚከበረው ለዚህ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከስምንት ወር በላይ ቆይቶ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ይህ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ላይ በግልጽ ተቀምጧል።

ስህተቱ እኔው ጋ አልቀረም። አምስተኛ ክፍሎች ከጽሑፌ ገልብጠው ካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፈውታል፣ ያውም በሦስት ቀለም። መምህራቸው ነጭ ወረቀት ቆርጣ “የጸደቀበት” የሚለውን ለጥፋበታለች። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የማስቲሹ እብጠት ይታያል። የኔ ነው።

ሁለተኛው የባህል ልብስ ነው። ግዴታ ነው ብያለሁ። በልጆቹ የመገናኛ ደብተር የመጣው የትምህርት ቤቱ ማስታወሻ ግን ያለው እንዲለብስ፣ የሌለው በዩኒፎርም እንዲመጣ ነው የሚለው። የየትኛው ብሔረሰብ ልብስ እንደሚለበስም ለማንም አልተመደበም። እኔን አምናችሁ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ። ያልገዛችሁ ተዉት።

ሰዓቱና ቦታው እንደነበረ ነው።