ጋሼን ብጠራ ነዳጅ ማደያ

ባለፈው ኅዳር ዝናብ በሚጥልበት አንድ ምሽት ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲዬ የጫንኳቸው ሴት፣ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው ዋሽንግተን ውስጥ ወደሚገኘው 14ኛው ጎዳና እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ጎዳናውን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ዝናብ የትኛው ድልድይ እንደተዘጋጋ ለማወቅ ፈልጌ፣ መሪውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ አድራሻውን በድምፅ ለምትታዘዘው መኪናዬ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እርሷም ወደ 40ኛው ጎዳና የሚወስደውን መንገድ ዘረጋችልኝ። ደገምኩላት፤ አሁንም 40ኛው ነው። በሦስተኛው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር የኔታ ቃሉን ቆራርጬ ስናገር «ይቅርታ፣ አልተረዳሁም» አለችኝ። ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር ትንሽ ጠጋ ብለው፣ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ መኪናዬም ወዲያውኑ ታዘዘቻቸው። የመኪናዋን ዕዳ በየወሩ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።

ስልክህን በእጅህ ነክተህ አትገላገልም ወይ የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። በምኖርበት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 250 ዶላር ያስቀጣል፤ ወንዙን ተሻግረው ዋሽንግተን ሲገቡም ክልከላው ያው ነው። ሕጉን አልነቅፍም፤ ትክክል ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ሕጉ እጄን ሲያስር መሣሪያው ደግሞ አፌን አለመቀበሉ ነው።

ከሁሉ የባሰው የአባቴ ጉዳይ ነው። እኛ ቤት አባታችንን የምንጠራቸው «ጋሼ» እያልን በመሆኑ በስልኬም የመዘገብኳቸው በዚሁ ስም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ሳይመሽባቸው ላግኛቸው ብዬ፣ ለጋሼ እንድትደውልልኝ መኪናዬን አዘዝኳት። በአቅራቢያዬ ያሉ አራት ነዳጅ ማደያዎችን ከነርቀታቸው ደረደረችልኝ። ለካስ «ጋሼ» የሚለውን «ጋስ» ብላ፣ አሜሪካኖች ቤንዚን የሚሉበትን ቃል ሰምታው ኖሯል። ብጮህባት የባሰ ራቅ ያለ ማደያ ጨመረችልኝ።

በሀገራችን መኪና በድምፅ ማዘዝ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሚኒባስ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር የተቀመጡት እናት «ወራጅ አለ» ሲሉ፣ የጎጃምም ሆነ የሐረር ለዛ ይኑራቸው፣ ጉንፋን ይያዛቸውም አይያዛቸው፣ ረዳቱ ሰምቶ ጣሪያውን መታ ያደርጋል፤ መኪናውም ይቆማል። መኪና ወደ ኋላ ሲገባ የሚያስገባው ልጅ «ና፣ ና፣ ስበረው፣ መልሰው፣ በቃ!» ሲልም እስካሁን የተሠሩት የኋላ ካሜራዎች ሁሉ የማያውቁት ርኅራኄ በድምፁ ውስጥ አለ። እርግጥ ነው፣ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ የተሳፈርኩበት የታክሲ ሾፌር፣ እኔን ለማግኘት ብቻ አምስት ጊዜ ደውሎ «ከማደያው ወዲህ ነዎት ወይስ ወዲያ?» ሲለኝ የነበረው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ጭኑ ላይ ይጥለዋል፤ ክልክል መሆኑን ያውቃልና። ይህንን በዓይኔ አይቼ የሀገሬ ይሻላል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ያ ሾፌር አልገባኝም አላለኝም፤ ሳይገባው ጠይቆ ጠይቆ አገኘኝ።

የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ኤ.ኤ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ተቋም ጋር ባወጡት ጥናት፣ አሽከርካሪ በድምፅ ካዘዘ በኋላ ሐሳቡ እስከ 27 ሰከንድ ድረስ ተበታትኖ ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ይህ 300 ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ግን ሦስት ጊዜ ተሳስታብኝ፣ ሦስት ጊዜ ተናድጄባት፣ በተሳፋሪ ፊት አፍሬም ጭምር ስለሆነ፣ ከድልድዩ እስከ ቤቴ ድረስ አልለቀቀኝም።

አማርኛ ብታውቅ ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ መጻፍን በአማርኛ ጀምሯልና ቋንቋችን ለማሽን የማይደፈር አይደለም፤ የእኔ መኪና በምታውቃቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ቢኖርስ በምን አንቀጽ ላዛት ነው? «ደውል» ልበላት፣ «ደውዪ» ወይስ «ይደውሉልኝ»? በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል ለሁሉም ይበቃል፤ በእኛ ግን ገና አፌን ስከፍት ታናሼ ናት ወይስ ታላቄ የሚለውን መወሰን ሊኖርብኝ ነው። በንዴት ሰዓት ምን ዓይነት አንቀጽ እንደምጠቀም ግን አልጠራጠርም።

በመጨረሻ ያደረግሁት ነገር ያሳፍረኛል። አንድ ማታ መኪናዬን አቁሜ፣ የአባቴን ስም ከስልኬ ሰርዤ «ዳዲ» ብዬ መዘገብኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንዴ ስናገር ትደውላለች። ጋሼም ስልኩን አንስተው ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ደግሞ ዛሬ በደህና ነው የደወልከው?» ነው፤ እኔም አዎ እላቸዋለሁ። በስልኬ ውስጥ ማን ተብለው እንደሚጠሩ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።