ጎልማሳው ገባ

እኛ ቤት ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ እንግዳ ብዙም አይወደድም። ወሎዬ ሆኜ ይሄን መፃፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ ግን ምን ላርግ፣ የቱርኩ ድራማ ተጀምሮ ከመጣህ አክስቴ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል "ግባ የኔ ዓለም" ትልሃለች፣ ቡናህም ይቀዳልሃል፣ ከሲኒው ተርፎ ረከቦቱ ላይ እስኪፈስ ድረስ።

2008 ላይ ቃና ሲጀምር "የሰው አገር ጣጣ ምን ያረግልኛል" ያለችው እራሷ ናት። አሁን አቦል ላይ ለቱርኮቹ ዱዓ ታደርጋለች። በቀደም ልጅቷ መኪና ገጭቷት ኮማ ስትገባ አክስቴ "ያረቢ አንተው አውጣት" አለች፣ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ለገብርኤል ተሳሉላት፣ በሁለቱም በኩል ተለምኖላት በሶስተኛው ቀን ነቃች፣ ግን እናቷንም አታውቅም። በነሱ ድራማ መኪና የገጨው ሰው እግሩ አይሰበርም መሰለኝ፣ ትዝታው ነው የሚሰበረው።

እኔን የሚገርመኝ ማፍጠጣቸው ነው። እሱ ያፈጣል፣ እሷ ታፈጣለች፣ ካሜራው ወደ እናትየው፣ ከዛ ወደ ሰራተኛዋ፣ ሙዚቃ፣ በዚህ መሀል አንድ እንጀራ ጋግረህ ታወጣለህ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፣ እዛው አገራቸው በሳምንት አንዴ የሚታየው አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትም ከዛም በላይ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ አንድ ፊልም የሚያክል ወሬ ከየት ይመጣል፣ በማፍጠጥ ይሞላል ነዋ። ለውጭ ሲሸጡት ደግሞ 45 ደቂቃ ምናምን አርገው ይቆራርጡታል፣ ስለዚህ እኛ ጋ ሰኞ የተጀመረ ማፍጠጥ ማክሰኞ ያልቃል።

የኛ አስለቃሽ ፊልሞችም ያው ናቸው፣ ልትሞት አንድ ሳምንት የቀራት ልጅ ፀጉሯ ትናንት ነው የተሰራው። ዝናብ ውስጥ ቆሞ "እወድሻለሁ" ማለትማ እስቲ ሐምሌ ላይ ደሴ ሞክሩት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ ገና "እወ" ስትል ጥርስህ ይንቀጫቀጫል።

ባለፈው ሰርጉ ሊቋረጥ ነው የተባለ ቀን መብራት ጠፋ። አክስቴ ደረቷን መታች፣ ከዛ ኮምቦልቻ ልጇ ጋ ደወለች፣ እዛ መብራት አለ። 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሆኖ በስልክ እንዲተርክልን ታዘዘ፣ ላውድ ላይ አርገን ሻማ ከበን ቁጭ። ልጁ ግን ኳስ እያየ ነበር።

"አሁን ምን ሆነ?" ትለዋለች።

"እ... ሮጠች እማዬ። ብቻዋን ነው። አለፈችው! ጎል—" ብሎ ጮኸና ትንሽ ዝም አለ። "ጎልማሳው ገባ፣ ያ ጎልማሳው።"

"የቱ ጎልማሳ?"

"አባቷ ነው ለካ፣ አልሞተም!"

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ኳስ መሆኑ ገብቶኝ ነበር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአባትየው መምጣት ለኔም ከበደኝ።

በማግስቱ ድጋሚውን አየነው። ሰርጉ የለም፣ አባት የለም፣ ማፍጠጥ ብቻ። አክስቴ አስር ደቂቃ ታግሳ ድምፁን ዘጋችና ስልኳን አነሳች።

"ልጄ፣ ዛሬም መብራት የለም። ከአባትየው ቀጥልልኝ።"