የሪችመንድ አጋዘኖችና የእንጦጦ ጉቶ

በደቡብ ምዕራብ ለንደን የሚገኘው ሪችመንድ ፓርክ፣ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1637 ለአደን ብሎ ያሳጠረው የንጉሥ መሬት ነበር። ዛሬ 955 ሄክታር ገደማ በሚሆነው ሜዳና ጫካ ከ600 የሚበልጡ አጋዘኖች እንደ ልባቸው ይግጣሉ፤ ለመግባትም ክፍያ የለም። ፓርኩን ሮያል ፓርክስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያስተዳድረዋል፤ ከጎኑም እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው «የሪችመንድ ፓርክ ወዳጆች» አለ፤ አባላቱ ልክ እንደ እድር በየጊዜው እያዋጡ ጉልበታቸውንም ይጨምራሉ።

ትኩረቴን የሳበው መዋጮው የሚውልበት ጉዳይ ነው። ኩሬ ይጠረግበታል፣ ጅረት ይታደስበታል። በጎ ፈቃደኞች የሚለቅሙት ቆሻሻም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ የዋጠ አጋዘን ሊሞት ይችላልና። በጸደይ ወራት ደግሞ ስካይላርክ የምትባለው ትንሽ ወፍ ሣር ውስጥ መሬት ላይ እንቁላሏን ስለምትጥል፣ ውሻ በማሰሪያ ይያዝ የሚል ማስታወቂያ ይቆማል። የወደቀ የኦክ ግንድ ከወደቀበት አይነሳም፤ ወንዱ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ መንጋጋ ያለው ስታግ ቢትል የተባለው ጥንዚዛ፣ እጭ ሳለ ለዓመታት የሚመገበው የበሰበሰ እንጨት ነውና። ከእንጦጦ ዳገት ጀርባቸው እስኪጎብጥ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ላየ ሰው፣ ያ ሁሉ ግንድ ለጥንዚዛ መተዉ ቅንጦት ቢመስለው አልፈርድበትም።

እኛም ለመናፈሻ መስጠት አላነሰንም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ማስዋቢያ ገንዘብ የተሰበሰበበት የእራት ግብዣ «ገበታ ለሸገር» ሲዘጋጅ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ከተማዋ በእውነት የሚያስፈልጋት ነገር ነው። በውጭ የምንኖረውም ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ስንጠየቅ እጃችን አይታጠፍም። ነገር ግን ልግስናችን ግንባታውን ተከትሎ መጥቶ ከምርቃቱ ማግስት አብሮት ይበተናል።

እንጦጦ ላይ የሚቀረው ሥራ ግን ከምርቃት በኋላ ያለው ነው። ባሕር ዛፍ ተቆረጠ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፣ በአጠገቡ የተተከለውን የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝም ውኃና ብርሃን ይሻማዋል። ስለዚህ ቀንበጡን በየዓመቱ የሚመለምል፣ ችግኙን ከከብት የሚጠብቅ፣ በበጋ ውኃ የሚያጠጣ ደመወዝተኛ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሪባን አይቆረጥም፣ ስም የሚጻፍበት ድንጋይም አይቆምለትም፤ ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን ለሚያዋጣ ማኅበር በዓመቱ መጨረሻ የሚላከው ሪፖርት፣ ይህን ያህል ጉቶ ተመለመለ፣ ይህን ያህል ችግኝ ደረቀና ተተካ ከማለት አያልፍም። ማኅበሮቻችን ለእንዲህ ያለ ሪፖርት በየወሩ ጥቂት ፓውንድ ወይም ዶላር ለማዋጣት ዝግጁ መሆናቸውን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው አጀንዳ አድርገው ቢነጋገሩበት እወዳለሁ።