ያለ ዋስ የተባለው ብድር

እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓንና ቻይና በአንድ የባቡር መስመር ተፋጠጡ። ቦታው ኢንዶኔዥያ ነው፤ ከጃካርታ ባንዱንግ፣ 142 ኪሎ ሜትር። ጃፓኖች መስመሩን ለዓመታት ሲያጠኑት ከርመዋል። ያቀረቡት ብድር ወለዱ 0.1 በመቶ ነበር፤ በነጻ ቢባል ይቀላል። የቻይናው 2 በመቶ። ያሸነፈችው ግን ቻይና ናት።

ጃፓን የኢንዶኔዥያ መንግሥት ዋስ ይሁነኝ አለች። ቻይና ዋስም አልፈልግ፣ ከበጀታችሁም ሳንቲም አታውጡ አለች። ለፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ መንግሥት ይህ ከሰማይ የወረደ መና ነበር። ፈጣን ባቡር፣ ያውም ካዝና ሳይነካ! ማን እምቢ ይላል?

እኔን የሚገርመኝ ማንም የባለቤትነቱን ነገር ከልቡ ያላየው መምሰሉ ነው። ባቡሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ 60 በመቶው የኢንዶኔዥያ የመንግሥት ድርጅቶች ድርሻ ነው። ኩባንያው ከከሰረ ኪሳራው የማን ሊሆን ነው? መንግሥት ዋስ ሆኖ ባይፈርምም በጓሮ በር ገብቶበታል።

እንደዚያም ሆነ። በ2019 ያልቃል የተባለው ሥራ መሬት በማስለቀቅ ተጎተተ፣ ኮቪድም ተጨመረበት። ወጪው በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሻቅቦ 7 ቢሊዮንን አለፈ። በ2021 ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት በጀት ለፕሮጀክቱ እንዲውል የሚፈቅድ ደንብ ፈረሙ። በ2025 ደግሞ የዕዳ ሽግሽግ ጉዳይ መጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ «ከበጀት አልከፍልም» ብለው ድርቅ አሉ።

ባቡሩስ? ባቡሩ ጥሩ ነው። በ2023 ሥራ ሲጀምር የሦስት ሰዓቱን መንገድ ወደ 45 ደቂቃ አወረደው። ብቻ ባንዱንግ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው ፓዳላራንግ ጣቢያ ወርዶ ሌላ ባቡር መያዝ አለበት።

ጃፓን ብታሸንፍ ይሻል ነበር ማለቴም አይደለም። በ0.1 በመቶ ወለድ የያዘችው የህንዱ የሙምባይ-አህመዳባድ ፈጣን ባቡር የመሠረት ድንጋዩ በ2017 ተቀምጦ፣ ስምንት ዓመት አልፎም አንድ ተሳፋሪ አልጫነም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር የቻይና ብድር መክፈያው በ2018 ከ10 ወደ 30 ዓመት የተራዘመልን ተለማምጠን ነው።

በ2015 ኢንዶኔዥያ ከሁለት ወገን ሽማግሌ የተላከባት ሙሽራ ነበረች፤ የፈለገችውን ማስጨመር ትችል ነበር። ዕዳው ሲመጣ ግን ከፊቷ የቀረው አንድ አበዳሪ ነው። አሁን መስመሩን እስከ ሱራባያ የማስቀጠል ሐሳብ አለ። ጃካርታ ለዚህኛው ከመፈረሟ በፊት «ባቡሩ ቢከስር ማን ይከፍላል?» የሚለውን በጽሑፍ ታስመልስ፤ ያውም ተፎካካሪው ገና ከክፍሉ ሳይወጣ።